የዳነ ልጅም ቀጠሮ አለው

ከወልድያ፣ ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች አንድ ልጅ ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲላክ ዘመድ ጎረቤቱ ዝም አይልም። በሬ ይሸጣል፣ ዕድርተኛው ያዋጣል፣ ስለት ይሳላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ኬሞው አልቆ፣ ፀጉሩ በቅሎ ሲመለስ ደግሞ እልል ይባላል። የሚያሳስበኝ ከእልልታው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። «አንዴ ከዳነ ምን እንነካካዋለን» ይባልና ቀጠሮው ይተዋል። ልጁም የታመመውን በሽታ ስም ሳያውቅ ያድጋል።

ሐኪም ክትትል የሚያዘው ሕክምናው ስላልሠራ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሽታው ማገርሸቱን ይፈትሻል፤ ቆይቶ ደግሞ ሕክምናው ራሱ ያደረሰው ጉዳት ካለ ይከታተላል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ የካንሰር መድኃኒት ብዙ ልጅ አትርፏል፤ ሆኖም የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ድካሙ ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም በእርግዝና ጊዜ ይገለጣል። ሲስፕላቲን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ጆሮንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ማን ላይ እንደደረሰ የሚታወቀው ግን በምርመራ ነው።

ዊልምስ የሚባለውን የሕፃናት የኩላሊት ካንሰር እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የታመመው ኩላሊት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በአንድ ኩላሊት ሰው ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል። ነገር ግን የደም ግፊቱ በየጊዜው መለካት፣ ሽንቱ መመርመር አለበት፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሐኪም ሳያማክር ዲክሎፌናክ መዋጥም የለበትም። ሀብሩን የሚያውቅ ቀጥሎ የምለው አይጠፋውም። የስንቱ ወጣት ልብ ሳውዲ ነው። የጅቡቲ በረሃ፣ ባሕሩና የመን ሁለት ኩላሊት ያለውንም በውኃ ጥም የሚገድሉ መንገዶች ናቸው። ሆዱ ላይ ያለው ጠባሳ የምን እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ በአንድ ኩላሊት ያን ጉዞ ቢጀምር ተጠያቂዎቹ እኛ የደበቅነው ነን።

የሚደብቁ ወላጆችን አልኮንንም። «ትዳር ይቀርባታል»፣ «ሰው ይርቀዋል» ብለው ነው። ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን ከልጁ ከራሱ መሰወር እርሱን አይጠብቀውም። ለጎረመሰ ልጅ የበሽታውን ስም፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ የተደረገለትን ቀዶ ሕክምና ንገሩት። ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አይበስብስ፤ በስልክ ፎቶ አንሡት። የሕክምና ማጠቃለያ ከሌላችሁ ካከመው ሆስፒታል ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የትኛው ምርመራ መርሳ ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ወልድያ ወይም ደሴ ሊደረግ እንደሚችልም ጠይቁ። ግፊት ለመለካት አዲስ አበባ አይኬድም።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የወልድያም የደሴም ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንት ቀጠሮ አልፏል። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው «ሐኪሙ ይቆጣኛል» እያለ ጭራሹን ይቀራል። አትቅሩ። አምስት ዓመት ቢያልፍም ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ገንዘቡ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ በወቅቱ ይከፈል፤ ሪፈር ከጤና ጣቢያ ይያዝ፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ከመድኑ እንዳይወጣ ቀበሌውን ጠይቁ። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተው ለሌሎች ቤተሰቦች ደርሰዋል። የእኛ ዕድሮች ደግሞ ለቀብር እንደሚያዋጡት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ወጣት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት መሸፈን አያቅታቸውም። አሠሪዎችም ለቀጠሮ ቀን ፈቃድ ስጡ፤ ከደመወዙም አትቁረጡ።

በሠፈራችሁ ከካንሰር የዳነ ወጣት ካለ በዚህ ሳምንት ጠጋ ብላችሁ «ቀጠሮህ መቼ ነው?» በሉት። ካለፈበት አብራችሁት ሂዱ።