ሌሊት የሚያንኳኳው ወዳጅ፤ ከነአንድምታው

ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ጸሎት ካስተማራቸው በኋላ የመሰለላቸው ምሳሌ ነው፤ ሉቃስ 11 ከቁጥር 5 እስከ 8። ሰውየው እንግዳ መጣበት፤ የሚያቀርብለት አጣ፤ በእኩለ ሌሊት ወዳጁ ደጅ ሄዶ ሦስት እንጀራ ለመነ። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ከልጆቹ ጋር ተኝቷልና አመካኘ፤ ኋላ ግን ስለ ንዝነዛው ተነሥቶ የፈለገውን ያህል ሰጠው። ዘይቤው ይህ ነው። ለጉራጌዋ ጉንችሬ ሰው ዘይቤ መተንተን አያሻም፤ ሰውም ከብትም በአንድ ሣር ክዳን ሥር በሚያድርበት ክብ ቤት ሌሊት በር መክፈት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

አንድም፤ ወዳጅ ያለው እግዚአብሔር ነው፤ እንግዳ ያለው ከኃጢአት መንገድ ደክማ የተመለሰች ነፍስ ናት፤ ሦስት እንጀራ ያለው የሥላሴ ሃይማኖት ነው። ይህ የታወቀ ነው።

አንድም፤ ሌሊት ያለው መከራ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ሞት በተነገረው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ እያለቀሰ ለመነ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት።

አንድም፤ ለማኙን እንይ። ይህ ሰው ለራሱ አልለመነም። ለራሱማ ቢሆን ጾሙን ያድር ነበር እንጂ በዚያ ሰዓት የሰው ደጅ አይመታም። ያስነሣው የእንግዳው ረሃብ ነው። ጌታ የሚሰማ ጸሎት የቱ እንደሆነ ሲያስተምር ለሌላው የሚለምነውን ሰው አመጣ። ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ፤ አብርሃም ስለ አቢሜሌክ ቤት ለመነ፤ ተዘግቶ የነበረው የአቢሜሌክ ሴቶች ማኅፀን ተከፈተ። ይህ ዘፍጥረት 20 ላይ ነው። ቀጥሎ 21 ላይ ሣራ ፀነሰች። የራሱ ሚስት መካን ሆና ሳለ ለባዕዱ ቤት ልጅ ይሰጠው ብሎ መለመን ቀላል አይደለም፤ ግን እንደዚያ ሆነ። ኢዮብም ምርኮው የተመለሰለት ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው፤ ያውም ቁስሉ ላይ ስድብ ሲጨምሩበት ስለ ሰነበቱት ወዳጆቹ። መቶ አለቃው ስለ ባሪያው፣ ከነናዊቷ ስለ ልጇ ለመኑ። ሐናስ ለራሷ ለምና የለም ወይ ቢሉ፤ ለምናለች፤ የለመነችውን ግን ጡት አስጥላ ለቤተ መቅደስ መልሳዋለች።

ታሪክ፤ ከዚሁ ከጉራጌ ምድር ሳንወጣ ሶዶ ውስጥ ምድረ ከብድ አለ፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቦታ። ገድላቸው እንደሚናገረው ጻድቁ በዝቋላ ባሕር ቁልቁል ተተክለው 100 ዓመት የጸለዩት ስለ ኢትዮጵያ ምሕረት ነው። ለራሳቸው ምን ሊለምኑ? እህል የማይበሉ፣ ጨርቅ የማይለብሱ አባት ናቸው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሕዝቡ ወደ ደጃቸው የሚጎርፈው ለራሱ ያልለመነ ሰው ልመናው እንደሚሰማ ልቡ ስለሚያውቅ ነው። የጻድቁ ወዳጅ ስለሆንሁ አድልቼ ይሆናል፤ ቢሆንም ግድ የለም።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ። የጉንችሬ ሰው ሦስት እንጀራ ሲባል ልቡ ወደ ቆጮ ይሄዳል። ሌሊት ቆጮ የሚለምን ጎረቤት ምን እየለመነ ነው ቢሉ፤ እንሰት ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዱም ሰባት ዓመት ይፈጃል። ችግኙ እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል። ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፤ ሲወጣ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እንግዲህ ዛሬ ሌሊት የተለመነው ቆጮ የዛሬ ስንት ዓመት ተተክሏል። እንግዳው መንገድ ሳይጀምር፣ ለማኙም ሳይቸግረው፣ መልሱ በሰጪው ጓሮ ቆሞ ነበር። ኢሳይያስ 65 ላይ እግዚአብሔር ሳይጠሩት እንደሚመልስ የተናገረው ይህን ነው። ለዳንኤልም ገብርኤል የነገረው፣ ትእዛዙ የወጣው ገና ልመናውን ሲጀምር እንደነበር ነው። የእንሰት አገር ድርቅን ከእህል አገር ይልቅ እንደሚችል በ1977ቱ ረሃብ ታይቷል፤ የተረፈው ሰው የበላው በደህናው ዓመት የተተከለውን ነው። እግረ መንገዴን ልበል፤ መልሱን ያመጣው ሰው ይመሰገናል፤ ክንዳቸው እስኪዝል የፋቁትን ሴቶች ግን የሚያነሣቸው የለም።

እግዚአብሔር በዕለት ኑሮ አለ የምንለው እንዲህ ሲሆን ነው። እናት መርካቶ ስላለ ልጇ ትጸልያለች፤ ልጁ ታሞ ሳለ ደጁን የመታው የአገሩ ልጅ በእናቲቱ ጸሎት እንደተላከ አያውቅም። ታማሚ ወደ ወልቂጤ ለማድረስ በመንደሩ አደባባይ በጀፎሮው ላይ ብር ሲዋጣ፣ አንዱ ከቡና ሽያጩ፣ አንዷ ለመስቀል ካስቀመጠችው የቅቤ ዕቁብ፣ ከውጆዋ፣ ስታወጣ፣ ልመናው የሚመለሰው በእነዚህ እጆች ነው። ከእነርሱ አንዱ ሙስሊም ጎረቤት ነው። ምነው ከማያምን እጅ ይመጣል ወይ የሚል ቢኖር አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ሉቃስ 10 ላይ የቆሰለውን ያነሣው ካህኑ ነው ወይስ ሳምራዊው?

መልሱ እንዲህ በጎረቤት እጅ በዝምታ መምጣቱን የማይወዱ አሉ። በየቴሌቪዥኑ ነቢይ ነኝ እያሉ ቪዛ ወጣ፣ መኪና ተገዛ የሚል ምስክርነት የሚያሰልፉ፤ የጸሎቱን መልስ እንደ ዕቃ ዋጋ ለጥፈው የሚያዞሩ። ለማኙ ወዳጅ ሦስት እንጀራ ይዞ ሲመለስ ጀፎሮ ላይ ቆሞ አልጮኸም፤ እንግዳ ይጠብቀዋልና ወደ ቤቱ ሮጠ። የእኛም ቤት ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላና ምንጣፍ ተሸክሞ ከሚሄደው መካከል ከመልአኩ ጋር ውል የተዋዋለ የሚመስለው ስንቱ ነው፤ ከሰጠኸኝ እሰጥሃለሁ፣ ካልሰጠኸኝ አልመጣም የሚል። ስለትን አልነቅፍም፤ ያዕቆብም በቤቴል ተስሏል፤ የተሳለው ግን የሚበላው እንጀራና የሚለብሰው ልብስ እንዲሰጠው ነው።

ደግሞ የጸሎት መልስ ደጅ ቆሞ ያልተከፈተለት ጊዜም አለ። በሐዋርያት ሥራ 12 ቤተ ክርስቲያን ስለ ጴጥሮስ ስትጸልይ አደረች፤ ጴጥሮስ ከወኅኒ ወጥቶ በሩን መታ፤ ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን አወቀች፤ ከደስታዋ የተነሣ ሳትከፍትለት ልትነግራቸው ሮጠች። ጸላዮቹ አብደሻል አሏት። ጴጥሮስም ማንኳኳቱን ቀጠለ።

አንድም፤ ከባለቤቱ ጋር የተኙት ልጆች ቅዱሳን ናቸው። ተኝተዋል መባሉ ዐርፈዋል ሲል ነው እንጂ አይሰሙም ሲል አይደለም፤ በዚህ የሚከራከር ቢኖር ሌላ ቀን።

አንድም፤ የተዘጋ በር ያለው የጳውሎስ መውጊያ ነው። ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተነሣለትም፤ ጸጋው እንደሚበቃው ብቻ ተነገረው። አልጋ ላይ ዓመታት የቆየችውን እኅት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሕዝቅያስን ትቶ ይህን ይዞ ይሂድ።

አንድም፤ ሦስት እንጀራ ያለው ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ነው፤ ይህንስ የዐቢይ ጾም ሰባኪ ሁሉ ይለዋል።