«አላየሁም» ማለትና «የለም» ማለት

በቁምስናችን የሚያገለግል አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በዐቢይ ጾም ወራት አንድ ጥያቄ ይዞልን መጣ። ሕሙማንን ሊጠይቅ ሲዞር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት የክብሪት ቀፎ አውጥተው «ዛሬስ ያዝኳቸው፤ አየሃቸው ልጄ?» ይሉታል። በቀፎው ውስጥ ግን ከክር ቁራጭ፣ ከደረቀ የቁስል ቅርፊትና ከጥቂት ትቢያ በቀር ምንም አላየም። እናቲቱ ተባዮች በቆዳቸው ሥር እየተርመሰመሱ እንቅልፍ እንደ ነሷቸው፣ ፍራሻቸውን ሁለት ጊዜ አውጥተው እንዳቃጠሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም «ይጋባባችኋል» ብለው ወደ ቤታቸው እንዳይመጡ እንደ ከለከሉ ነገሩት። ቤቱ በተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ሽታ ታፍኗል፤ ክንዳቸውም ከማከክ ብዛት ቈስሏል። «ምን ልበላቸው? አየሁ ብል መዋሸቴ ነው፤ የለም ብላቸው ዳግመኛ በራቸውን አይከፍቱልኝም» አለን።

ጥያቄው ቀላል መስሎን «እውነቱን ነግረሃቸው ውጣ» አልነው። መልሳችን ግን ውሎ አድሮ እኛኑ አላረካንም።

እንዲህ ያለው መከራ በእኚህ እናት አልተጀመረም። ስዊድናዊው ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፎበታል፤ የክብሪት ቀፎውም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ምልክት ነው። በ2002 ደግሞ አንዲት አሜሪካዊት እናት በትንሽ ልጇ ቆዳ ላይ ክር መሳይ ነገር አግኝታ ሕመሙን «ሞርጄሎንስ» ብላ ሰየመችው፤ ስሙን የወሰደችው ቶማስ ብራውን ከተባለ የ17ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊ ሐኪም ጽሑፍ ነው። «የእኛም ሕመም ይኸው ነው» የሚሉ ብዙዎች ተነሡ። የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሰሜን ካሊፎርኒያ 115 ሕሙማንን ለይቶ አጥንቶ በ2012 ባወጣው ውጤት ተባይም ሆነ ተላላፊ በሽታ አላገኘም፤ ከቆዳቸው የተለቀመውም አብዛኛው የጥጥ ክር ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሕመሙ ከባክቴርያ የመጣ ነው ብለው የሚከራከሩ ጥቂት ተመራማሪዎችም አሉ። እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነው፤ ይኸው ተባይ ያላገኘ ጥናት የሕሙማኑ ኑሮ በእጅጉ እንደ ተጐዳ መስክሯል።

የሊቃውንት «የለም» ማለትም ቢሆን ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የእከክን ተባይ ቦኖሞና ቼስቶኒ የተባሉ ኢጣልያውያን እ.ኤ.አ. በ1687 በማይክሮስኮፕ አይተው ጽፈውለት ነበር። ሆኖም ብዙ ሐኪሞች እከክ ከደም መበላሸት ይመጣል ማለታቸውን አልተዉም። በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ ተማሪ በፓሪስ ሆስፒታል ተባዩን ከሕሙማን ቆዳ በመርፌ አውጥቶ ባሳየ ጊዜ ክርክሩ ረገበ። ዘዴውን ያየው በአገሩ ከነበሩ ድኾች ሴቶች ነው፤ እነርሱን ማን ጠይቋቸው ያውቃል! ይህን ታሪክ ይዘው «ዛሬ የተካደ ሁሉ ነገ እውነት ሆኖ ይገኛል» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ የሬኑቺ ተባይ በመርፌ ጫፍ ላይ ሆኖ ለሁሉም ታይቷል። ነገር ግን ሰውን «ሐሳብ ነው» ከማለት አስቀድሞ ማስመርመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በድርቁ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ብዙ ሕዝብ አጥቅቷል፤ ትኋንና ቁንጫም ለቤታችን እንግዳ አይደሉም። ያለ አንዳች ተባይም የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ገላን ያሳክካል። (ጎረቤት ወዲያው «መተት ነው» ማለቱን ባንሰማ በወደድን።)

«አየሁ ቢላቸውስ ምን ይጐዳል? ርኅራኄ አይደለምን?» ያሉን ወንድሞች ነበሩ። ይጐዳል። ያ ቃል ሦስተኛውን ፍራሽ ያስቃጥላል፤ ለግድግዳ የተሠራውን መርዝ በገላቸው ላይ ያስቀባቸዋል፤ የልጅ ልጆቹንም እንደ ራቁ ያስቀራቸዋል። «የለም» የሚለው ደግሞ ካየው ያለፈ ይናገራል፤ ከዚያም በላይ የሰሚውን እንቅልፍ ማጣትና ቁስል አብሮ የካደ ይመስላል። «አላየሁም» የሚል ሰው ግን ስለ ራሱ ዓይን ብቻ ይመሰክራል። «አላየሁም እማማ፤ ክንድዎ መቍሰሉን ግን አያለሁ፤ እንዳልተኙም አያለሁ» ቢል ከቃሉ አንዱም ሐሰት አይሆንም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተጻፈውን ዳግመኛ ያነበብነው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ወደ ካህኑ ሄዶ ደዌ የመሰለ ነገር በቤቱ እንደ ታየው ይናገራል። ካህኑ በወሬ አይፈርድም፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከመግባቱም በፊት ዕቃው አብሮ ርኩስ እንዳይባል ቤቱ ባዶ እንዲደረግ ያዝዛል። ይህች ትንሽ ትእዛዝ ታስደንቀናለች፤ ምርመራው ገና ሳይጀመር የድኻው ማሰሮና ምንጣፍ ታስቦለታልና። ከዚያም ያያል፣ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፣ ተመልሶ ያያል። የሚስቅ የለም፤ የሚቸኩልም የለም።

መምህሩ የመጀመሪያውን ምክራችንን ስላልተቀበለ እናመሰግነዋለን። በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ፣ እጃቸውን ጨበጠ (እከክ ቢሆን እንኳ ለአፍታ በመጨባበጥ እምብዛም አይጋባም)፣ ወደ ጤና ጣቢያም አብሯቸው ሄደ። እከክ አልተገኘም፤ ደማቸውም ተመረመረ። ሐኪሙ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ማሳከኩን ለብዙዎች እንደሚያስታግሥ በትሕትና ቢያስረዳቸው በመጀመሪያ ተቈጡ፣ በኋላ «ለእንቅልፌ ከረዳኝ» ብለው መውሰድ ጀመሩ። ለፋሲካ ታናሽቱ የልጅ ልጃቸው ቤታቸው አደረች። የክብሪት ቀፎው ግን አልተጣለም። አንዳንድ ቀን ቡና እየተፈላ ሳለ አውጥተው ይሰጡታል፤ እርሱም ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በብርሃን አተኵሮ ያያል፣ «አላየሁም እማማ» ብሎም ይመልስላቸዋል፤ እርሳቸውም ሁለተኛውን ሲኒ ይቀዱለታል።