እስስትን ማን ወነጀላት?

ባለፈው መስከረም፣ ሰሚት አካባቢ በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ግቢው አጥር ወጣን። ሁሉም የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሥራው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ መሬት በገመድ ይከልልና ለ20 ደቂቃ ዝም ብሎ ያያል፤ ሕይወት ያለው ያገኘውንም ሁሉ በደብተሩ ይሥላል። ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ አደይ አበባ እየተሣለ ሳለ አንዲት ልጅ “እስስት!” ብላ ጮኸች። ደብተሩ ሁሉ ተጣለ። አንዱ ልጅ ድንጋይ አነሣ።

እኔስ? እውነቱን ልናገርና ወደ ኋላ ሸሸሁ። “እንደ እስስት የሚለዋወጥ” የሚለውን ስድብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለ ግብዝነት ሳስተምርም ምሳሌዬ እርሷ ነበረች። ቆሜ አይቻት ግን አላውቅም።

ድንጋዩን አስጥለን ራቅ ብለን ተቀመጥን። አንዱ ዓይኗ ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ዝንብ ይዞራል። ምላሷ ተወረወረ፤ ዝንቡ የለም። አንዱ ልጅ ሲጠጋት ጠቆረች፤ ሲርቅላት ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነች። “ፈርታ ነው” አለ ልጁ።

ቤቴ ገብቼ አነበብሁ። እስስት መርዝ የላትም። ቀለሟ ከጠላት ቢሰውራትም፣ የምትለዋወጠው በአብዛኛው ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ሲበርዳት ወይም ተጓዳኝ ስትፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን እስስት አጥንተው፣ በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሙ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። እንግዲህ ግብዝ የልቡን ይደብቃል፤ እስስት ግን የሆነችውን በቆዳዋ ላይ ታሳያለች። ስድባችን ተገልብጦ ኖሯል!

በባልንጀራ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለአጥር እስስት ይሠራል? “ሰው በሚበደልበት ከተማ ስለ እስስት መጨነቅ ቅንጦት ነው” የሚል ይኖራል። ሰው እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ያለን ዓይን አንድ ነው። አጥሩ ላይ ሳያይ መፍረድ የለመደ ዓይን፣ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሲመለስ አይለወጥም። ጎረቤቱንም በአነጋገሩ፣ በመጣበት አገር፣ በሰማው ወሬ ስም ያወጣለታል፤ ድንጋዩም ከዚያ ይከተላል። በዘፍጥረት 2 እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም ያመጣቸው ስም ከማውጣቱ በፊት ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መሰየም።

ወጣቶች ሆይ፣ ልጆች የምታስተምሩ ሁሉ፣ ከክፍል ለማውጣት ጫካ አትጠብቁ፤ የአጥር ጥግና ገመድ ይበቃል። ድንጋይ ያነሣው ልጅ በዚያ ቀን እስስቷን ሣላት፤ ነፋስ እንዳይገልጥበትም ደብተሩን በዚያው ድንጋይ ያዘው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ግብዝነት ሳስተምር ሌላ ምሳሌ እፈልጋለሁ።