የአንዱ ቢላዋ ብቻ ንጹሕ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

 

ውድ አንባቢያን! ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመውን የዳሞታን ተራራ፣ በዙሪያው የተንጣለለውንም የእንሰትና የስኳር ድንች ማሳ ያየ መንገደኛ፣ ረሃብ በዚህ አገር ይገባል ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን ወላይታ በ1977 ዓ.ም. ተርቧል፤ በ1992 ዓ.ም. እንደገና ተርቧል። ሜዳው ለምለም ሆኖ ሳለ ሰው በመራቡም «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ይህ እንዴት ይሆናል? የአንድ አባወራ መሬት ጠባብ ነው። በቆሎው እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ስኳር ድንች ነው። ስኳር ድንች ደግሞ እንደ እህል በጎተራ ተከትቶ አይከርምም፤ የሚተከለውም በሐረጉ ነው። ዝናብ ሲቀር የዘንድሮው ምግብ ብቻ ሳይሆን ለከርሞ የሚተከለው ሐረግም አብሮ ይደርቃል። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ ገበሬው መሬትና ጉልበት ይዞ የሚተክለው ያጣል።

እኛ ከተሜዎች ይህን ችግር የምናውቀው በጫፉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጫማችንን ከሚጠርጉልን፣ ሎተሪ ከሚያዞሩልን ልጆች ብዙዎቹ ከዚያው ከወላይታ የመጡ ናቸው። ሳንቲም እንሰጣቸዋለን፤ ሰደቃ ነውና አላህ ይቀበለን። ነገር ግን ልጁን ከቤቱ ያስወጣውን ነገር ሳንነካ ሳንቲም ብቻ ብንቆጥር፣ ነገ ታናሽ ወንድሙም ተከትሎት ይመጣል።

ወንድሞችና እህቶች! መድኃኒቱ ለምን ማኅበር እንደሚሆን እንሰቱ ራሱ ያስተምረናል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ነው። አንድ ገበሬ ቢላዋውን በእሳት ቢያጸዳ፣ ጎረቤቱ ግን ባያጸዳ፣ ድካሙ በተዋሰው ቢላዋ በአንድ ቀን ከንቱ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውልግ በደቡብ ሲገባም በሽታው ለዘር በሚሆነው በዝንጅብሉ ውስጥ ተደብቆ ከገበያ ወደ ማሳ ተጓዘ፤ የብዙ ገበሬዎችንም ምርት ጠራርጎ ወሰደ። እንዲህ ያለውን ጠላት አንድ ሰው በግሉ አይመክተውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አሽዐሪዮች የተባሉትን የየመን ሰዎች ያመሰገኑበትን ነገር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እነዚህ ሰዎች ስንቃቸው ሲመናመን፣ ወይም የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ ሲሉ መስክረውላቸዋል። ልብ በሉ! የተመሰገኑት ሀብታሞች ስለነበሩ አይደለም። ጥቂቱን በአንድነት ስለያዙትና መስፈሪያቸው አንድ ስለሆነ ነው።

ወላይታ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ዋዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቅርቧል፤ ገበሬዎችንም በቆላው አስፍሯል። ነገር ግን ሥራው በመንግሥትና በአበዳሪ ትከሻ ላይ የቆመ ነበርና በደርግ ዘመን አበቃ። ዛሬ ደግሞ የዳሞታ ወላይታ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ። የሊቃን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው የወላይታ ልማት ማኅበር አለ። በእንሰት ላይ የሚመራመረው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተውም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አሉ። እኛ የምንለው፣ እነዚህን ሁሉ ከባለ ወፍጮው፣ ከዳቦ ጋጋሪው፣ ቆጮና ቅቤ ከምትሸጠው እናት ጋር በአንድ ምንጣፍ የሚያስቀምጥ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ይኑር ነው። ውኃ ባለበት መሬት ሐረጉን ከድርቅ የሚጠብቅ፣ ንጹሕ ዘር የሚያከፋፍል፣ ሚዛን የሚቆጣጠር፣ ስኳር ድንቹ ሳይበሰብስ ደርቆ ዱቄት የሚሆንበትን መንገድ የሚያሳይ ማኅበር ማለታችን ነው።

«ለትርፍ ያልቆመ» ሲባል ገንዘብ አያገኝም ማለት አይደለም፤ ያገኘውን አባላቱ አይከፋፈሉትም ማለት ነው። ይህን ደግሞ እኛ ሙስሊሞች ከማንም በፊት ልናውቀው ይገባ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን አማከሩ። ነቢዩም መሬቱን ራሱን ይዘው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። መሬቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይወረስም፤ ጠባቂው ግን ከፍሬው በአግባቡ ሊበላ ይችላል። ወቅፍ ማለት ይህ ነው። የአገራችንም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ገቢውን ለአባላት ማከፋፈልን ይከለክላል፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይወስናል። ጠባቂው በአግባቡ ይብላ እንጂ ጎተራውን አይጨርስ ነው ነገሩ።

የገበያው ሥርዓትስ? ነቢዩ መዲና ሲገቡ ሰዎች ለሚመጣው ዓመት ፍሬ ገንዘብ አስቀድመው ይከፍሉ ነበር። እርሳቸውም አልከለከሉም፤ ስፍሩ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ ይሁን ብለው ሥርዓት አበጁለት። ይህ ሰለም የተባለው ውል ነው። የሶዶ ነጋዴ በዚህ መንገድ ለገበሬው በክፉ ወር ገንዘብ ቢያደርስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ነገር ግን የገበሬውን ረሃብ አይቶ ዋጋ የሚሰብር ነጋዴ፣ ከደረቁ እህል ሥር እርጥቡን የሚደብቅም ሻጭ፣ አታላይ ከእኛ አይደለም የሚለውን የነቢዩን ማስጠንቀቂያ ያስታውስ።

አንዳንድ ወንድሞች «የወላይታ ገበሬ አብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» ይሉ ይሆናል። ነቢዩ ገና ነብይነት ሳይሰጣቸው በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው ቃል ኪዳን ተገኝተዋል። ቃል ኪዳኑ የተደረገው የሸቀጡን ዋጋ ለተከለከለ የየመን ነጋዴ ነበር፤ የገቡትም ሙስሊሞች አልነበሩም። ነቢዩ ግን ከእስልምና በኋላም ቢሆን ወደዚያ ዓይነቱ ብጠራ እሄድ ነበር ብለዋል። ጎረቤትን ከረሃብ ለመጠበቅ ሃይማኖቱን መጠየቅ ከየት የመጣ ሱና ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሶዶ፣ የአረካና የቦዲቲ ነጋዴ ሚዛኑንና መጋዘኑን ያቅርብ። በአዲስ አበባ ያለ የሒሳብ ባለሙያ በዓመት ጥቂት ቀን ሰጥቶ የማኅበሩን መዝገብ ይመርምር። የገንዘቡ ምንጭ ግን አይቀላቀል፤ ዘካ በቁርአን ስምንት ተቀባዮች የተወሰኑለት ሐቅ ነውና የማኅበሩ መጋዘን በሰደቃና በወቅፍ ይሠራ፤ ዘካው በተለየ መዝገብ ለባለመብቱ ይድረስ። ሒሳቡም በየዓመቱ በገበሬው ፊት፣ በገበሬው ቋንቋ ይነበብ። አማና የጎደለበት ማኅበር ከድርቅ የከፋ ነውና፤ ድርቅ የዘንድሮን ሐረግ ያደርቃል፣ ክህደት ግን ዳግመኛ በጋራ ለመቆም ያለንን ልብ ያደርቃል።

ተክል ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚጻፍለት ነቢዩ ተናግረዋል። በጋራ የተተከለው ምንዳ ለሁላችንም እንዲጻፍ አላህ ይርዳን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።