ለራስ ብቻ የሚሣል ሥዕልና የባልንጀራ ዐይን

አንድ ሰው ቀኑን በመሥሪያ ቤት ወይም በሱቅ አሳልፎ፣ ማታ ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ ታብሌቱን ከፍቶና የመሣሪያውን ብዕር አንሥቶ ሥዕል ይሥላል እንበል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይከፍለውም። የሚሥለው ያደገበትን መንደር፣ በተረት የሰማቸውን አራዊት፣ በታክሲ ውስጥ ያስተዋለውን የአንዲት አሮጊት ፊት ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ወይ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ያኖረዋል፣ ወይም በስልኩ አማካይነት ለማያውቃቸው ሰዎች ያሳየዋል። በዚያው ከተማ፣ ምናልባትም በዚያው ሰፈር፣ እንደ እርሱ የሚሥሉ ሌሎች ሰዎች መኖራቸውን ግን አያውቅም። ይህ ሰው እነርሱን የመፈለግ ግዴታ አለበትን? ወይስ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው የግሉ ስለ ሆነ ማንም ሊጠይቀው አይገባም?

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውስጡ አንድ የቆየ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው ያለውን ችሎታ ለብቻው ሊይዘው ይገባዋልን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ለብቸኝነት የሚቀርበውን መከራከሪያ በቅንነት እንመልከት። «አማተር» የምንለው ቃል ምንጩ ላቲን ሲሆን፣ ትርጕሙ «አፍቃሪ» ማለት ነው። አማተር ሥራውን የሚሠራው ስለሚወደው እንጂ ስለሚያተርፍበት አይደለም። በአለቃ፣ በደንበኛና በገበያ በተያዘ ኑሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ነጻ ሰዓት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም (እ.ኤ.አ. 1452–1519) ለሠዓልያን በተዋቸው ማስታወሻዎች ውስጥ፣ ሠዓሊ ብቻውን ሲሆን ሙሉ በሙሉ የራሱ እንደ ሆነ፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ሲሆን ግን ግማሹን እንደሚያጣ ያስረዳል። እጅ የሚለማመደው በጸጥታ ነውና ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ የዘመናችን መሣሪያ ብቸኝነትን ከቀድሞው የተለየ አድርጎታል። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ሲዘጋጅ ብራና ፋቂው፣ ቁም ጸሐፊውና ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ሠዓሊው ቢወድም ባይወድም ከሌሎች ጋር መነጋገር ነበረበት። በአውሮጳም እንደ አንትወርፕ ባሉ ከተሞች ሠዓልያን በቅዱስ ሉቃስ ስም በተሰየሙ ማኅበራት ይታቀፉ ነበር፤ የአንትወርፑ ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 1382 ጀምሮ ይታወቃል። ማኅበሩ ለአባላቱ ጥበቃም ቀንበርም ነበር። ዛሬ በታብሌት የሚሥል ሰው ግን ቀለም ነጋዴም ሆነ ሸራ ወጣሪ አያስፈልገውም። እንደ ክሪታ ያለውን የሥዕል ፕሮግራም ያለ ክፍያ ያገኛል። ሥዕሉን እንደ ስስ ወረቀት በሚደራረቡ ሌየሮች ከፋፍሎ ይሠራል፤ ያልወደደውን መስመር በአንድ ንክኪ ያጠፋል፤ አንዲት የዐይን ሽፋሽፍት ሰሌዳውን እስክትሞላ ድረስ ያጎላል። ይህ ሁሉ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ሽፋሽፍቷን ሲያሳምር የፊቱን መጣመም ሊዘነጋ ይችላል። ለብቻው የሚሮጥ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ ለብቻው የሚሥል ሰውም ጉድለቱን የሚነግረው የለም።

እነዚህ ሠዓልያን ለዚህ አንድ ብልሃት አላቸው። ሥዕሉን በአንድ ትእዛዝ ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ይገለብጡታል፤ ያን ጊዜ የለመደው ዐይን ሥዕሉን እንደ አዲስ ስለሚያየው ስሕተቱ ይገለጣል። ሌዎናርዶም ሠዓሊ ሥራውን በመስተዋት እንዲመለከት መክሯል፤ የተገለበጠ ሥዕል የሌላ ሰው ሥራ ስለሚመስል ጉድለቱን ለመለየት ይቀላልና። እንግዲህ መስተዋቱ ለጥቂት ጊዜ የባልንጀራን ዐይን ያበድረናል ማለት ነው። ሆኖም የሚያሳየው የሥዕሉን ጉድለት እንጂ የሠዓሊውን ሽሽት አይደለም። እጅ መሣል ስለሚከብደው ሰዎቹን ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሥል ሰው፣ ሥዕሉን መቶ ጊዜ ቢገለብጠው መሸሹን አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠ ባልንጀራ ግን «እጆቻቸው የት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከሩቅ በስልክ የሚመጣው ምስጋና ይህን ጥያቄ እምብዛም አይጠይቅም፤ አውራ ጣት አሳይቶ ያልፋል።

ብቸኝነትን ያመሰገነው ሌዎናርዶ ራሱ፣ በሌላ ስፍራ ከሌሎች ጋር ሆኖ መሣል ለብቻ ከመሣል እጅግ እንደሚሻል አጥብቆ ይናገራል። ምክንያቶቹም ሠዓሊው ከጓደኞቹ አንሶ መታየትን ስለሚያፍር እንዲተጋ፣ በጎ ቅንዓት እንዲያነሣሣው፣ ከእርሱ ከሚሻሉትም እንዲማር ነው። ሁለቱ ምክሮች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። የመጀመሪያው እጅን፣ ሁለተኛው ሰውየውን ይመለከታል።

የግብረ ገቡ ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ምቀኝነት ሲያስተምር፣ ሰው የሚመቀኘው በዘመን፣ በስፍራ፣ በዕድሜና በዝና የሚቀርበውን እንደ ሆነ አመልክቷል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞተ ሊቅ ከእኛ ቢበልጥ እንቅልፍ አይነሣንም። የዚያው ሰፈር ልጅ፣ በዚያው ዓይነት ታብሌት፣ ከእኛ የተሻለ ሥዕል ሲሥል ግን ልብ ይቆስላል። ብዙ ሰዎች በአካባቢያቸው ያሉትን የሙያ ባልንጀሮች የማይፈልጉት ጊዜ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ይህን ቁስል በመፍራትም ነው። ፈላስፋው ግን ምቀኝነትን ከበጎ ቅንዓት ይለያል። ምቀኛ የሚያዝነው ባልንጀራው መልካም ነገር ስላለው ነው፤ ቀናዒ የሚያዝነው እርሱ ራሱ ያ መልካም ነገር ስለ ጎደለው ነው። የመጀመሪያው የባልንጀራውን ሥራ ሲያጣጥል፣ ሁለተኛው ወንበሩን አስጠግቶ «ይህን ጥላ እንዴት ሠራኸው?» ይላል። ይህ መለወጥ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይቻልም፤ የሚቀናበትም የሚጠይቀውም ሰው የለምና።

ታዲያ ማኅበሩ የት ይገኛል? ብዙውን ጊዜ ከታሰበው ይልቅ ቅርብ ነው። በሲያትል ከተማ ይኖር የነበረ ገብርኤል ካምፓናርዮ የተባለ የጋዜጣ ሠዓሊ፣ አዲሱን ከተማውን ለማወቅ ሲል በየመንገዱ ይሥል ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከእርሱ ጋር መሰል ሠዓልያንን በማሰባሰብ የጀመረው እንቅስቃሴ ዛሬ በብዙ አገሮች ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። እነዚህ ሰዎች በአደባባይና በገበያ ተቀምጠው ያዩትን ይሥላሉ። በመመሪያቸው ውስጥ ሁለት ነገሮች ጕዳያችንን ይነካሉ፤ በማናቸውም ዓይነት መሣሪያ መሣል የተፈቀደ ነው፤ አባላቱም እርስ በርስ ለመደጋገፍና አብረው ለመሣል ቃል ይገባሉ። እርሳስ የያዘውና ታብሌት የያዘው በአንድ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። በአዲስ አበባም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ ስማቸውን የያዘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ በሚያሳዩበት ጊዜ ገብቶ ማየት፣ ከአንዱም ጋር መነጋገር የሚከብድ አይደለም። ከዚህ ርቆ የሚኖር ሰው የሰፈሩን የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤቱን የሥዕል መምህር ወይም ጥልፍ ነዳፊዋን ቢጠይቅ መነሻ ያገኛል።

ወደዚህ ማኅበር የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሥዕሉ እንዲታይለት ፈልጎ ነው። በዚያ የሚጠበቅበት ግን አስቀድሞ የሌላውን ሥዕል ማየት ነው። ተመልካች ብቻ የሚፈልግ ሰው ማኅበር አይፈልግም፤ አጨብጫቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእርሱ የሚፈለጉት ግዴታዎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ያላለቀውን ሥራ ለማሳየት መድፈር፣ የባልንጀራን ሥራ ጊዜ ሰጥቶ መመልከት፣ እውነትን ያለ ማቍሰል መናገር፣ ከሌላው የተማሩትን ከማን እንደ ተማሩ መግለጥ። ማኅበሩም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በሸራ የሚሥሉት አንጋፎች «ይህን የሠራው ማሽኑ ነው» ብለው ወጣቱን ቢያባርሩት በደል ይፈጽማሉ፤ በመሣሪያው ብዕር የተሠራውም መስመር የሚወጣው ከሰው እጅ፣ ለዓመታት ከለመደ ክንድ ነው። በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ብቻ ሥዕል የሚያወጡ መሣሪያዎች በተስፋፉበት በዚህ ዘመን፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ የሚሠራበት ጠረጴዛ ዋጋው ከፍ ብሏል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰዓቱ የሠዓሊው ነው፤ ሥዕሉንም ለገበያ እንዲያወጣ ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ችሎታው ግን ሲጀመርም ብቻውን ያገኘው አይደለም፤ መስመርን ያስተማሩት፣ ቀለምን ያሳዩት፣ ፕሮግራሙን ሠርተው በነጻ የሰጡት ሰዎች አሉ። ስለዚህ ባልንጀሮቹን መፈለግ፣ ሕግ ባያስገድደውም፣ የውለታ ዕዳው ነው።

በየቁምስናው የምታስተምሩ መምህራንና ወላጆችም፣ በስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ልጅ ሁሉ ጊዜውን እያባከነ ነው ብላችሁ ከመገሠጻችሁ በፊት «ምን እየሠራህ ነው? እስኪ አሳየኝ» በሉት። ሥዕል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌላው ሠዓሊ ልጅ ጋር አገናኙት።