በክፉ ቀን ቡና ማፍላት

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንዲት አጭር ጠብ ተሰማች። ጠብ ልትባል እንኳ የማትበቃ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የነበረች ናት። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እትዬ እንደ ልማዳቸው ከሰላቸውን አያይዘው፣ ቡናቸውን ቆልተው በሙቀጫ መውቀጥ ሲጀምሩ፣ ከላይኛው ፎቅ ይወርዱ የነበሩ አንድ ጋሼ ቆም አሉና፣ «ሰው እንዲህ እያለቀ ምን የሚሉት ቡና ነው!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዘነዘናው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም እንደገና ጀመረ።

ሁለቱም በከንቱ የሚናገሩና በከንቱ የሚወቅጡ ሰዎች አልነበሩም። የጋሼ ታናሽ ወንድም ጦር ግንባር ነበር። የእትዬ ልጅ ደግሞ መቐለ ውስጥ አግብታ የምትኖር ነርስ ስትሆን፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የስልክ መስመር ከተቋረጠ ወዲህ እናት የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። በጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበርና ሰው በደረጃው ላይ ሲገናኝ ሰላምታውን ያሳጥር ነበር። እንግዲህ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጭንቀቶች ነበሩ ማለት ነው። (ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው ይባላል። ቃልን በአየር ይልክ ከነበረ ሰፈር ተቀምጦ የልጅን ድምፅ ማጣት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በዚያ ሰሞን ደጋግሜ አስብ ነበር።)

እኔ ያን ጊዜ ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጬ ነበር። ጋሼ የተናገሩትን ስሰማ በልቤ «እውነት ነው» አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያችን የልብ ስምምነት እንደገና ለመመርመር ነው።

በጭንቅ ወራት አእምሮን ስለሚያጸኑ ትንንሽ ልማዶች ዛሬ ብዙ ይነገራል። በሰዓቱ መተኛት፣ ጠዋት በእግር መንቀሳቀስ፣ ምግብን አለመዝለል፣ ዜናን በልክ መስማት፣ ትንፋሽን ረጋ አድርጎ መሳብና ይበልጥ ረጋ አድርጎ ማውጣት፣ ከሰው ጋር መጨዋወት የመሳሰሉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለዚሁ ጉዳይ በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ አሳትሟል። የእነዚህ ልማዶች ጥቅም ብዙም የሚያከራክር አይደለም፤ ትንፋሹን በዝግታ የሚያወጣ ሰው የልቡ ትርታ ጋብ ይላል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጡ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሚያከራክረው የጥቅሙ ሳይሆን የተገቢነቱ ነገር ነው። ወገን ሲሞትና ሲፈናቀል የራስን አእምሮ ሰላም መጠበቅ ይገባልን? ወይስ ሰላሙ ራሱ አንድ ዓይነት ክዳት ነው?

ክሱ ቀላል ክስ አይደለም። ሰው ከሰው ጋር የተሳሰረ ፍጡር ከሆነ፣ የሌላው ሕመም ሲያመው ጤነኛነቱ ነው። ጎረቤቱ ቤት እሳት ተነሥቶ ሳለ በሰላም ያንቀላፋ ሰው አእምሮው ጸንቷል ሳይሆን ደንዝዟል ነው የሚባለው። ጋሼ የተናገሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው ሰፈርም መልካም ሰፈር አይመስለኝም።

ነገር ግን በዚያ ወራት የራሴ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ልናገር። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ዜና እሰማለሁ። አንዱ ጣቢያ ሲያበቃ ሌላውን እከፍታለሁ፤ ስልኬ ከትራሴ ሥር ያድራል፤ ሌሊት በነቃሁ ቁጥር አወጣውና አየዋለሁ። ምሳዬን እተዋለሁ። እንቅልፌ ከሦስት ሰዓት አያልፍም። ይህን ሁሉ ከአገሬ ጋር የመታመም ግዴታ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ዜና መስማት እንደ ጾም ሆኖብኝ ነበር ብል ይቀላል። ውጤቱስ? የጀመርኩት ተውኔት ከሁለተኛው ገቢር አላለፈም። ልጄ ስለ ቤት ሥራዋ ስትጠይቀኝ በቁጣ መለስኩላት። ከሥሬ ባለው ፎቅ የሚኖር ጎረቤቴ አባቱ ሲሞቱ ለቅሶ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ተመልሶ ነበር። የእኔ ጭንቀት ለተጠማው ወታደር ውሃ፣ ለተፈናቀለው ብርድ ልብስ አልሆነም። ዕዳ እየከፈልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ከከፈልኩት ግን በማንም እጅ የገባ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ክሱ የሚላላው። መጨነቅና መተባበር ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሣሉና። ሲቀርቧቸው ግን አንደኛው ወደ ሰው ይወስዳል፣ ሌላው ከሰው ይለያል። እኔ ስለ ሩቁ ሰው ስጨነቅ የቅርቡን ሰው ለቅሶ አመለጠኝ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያላወቁት ነገር አይደለም። የለቅሶን ሥርዐት እናስብ። ሰው ሲሞት ኀዘንተኛው አልበላም፣ አልጠጣም ይላል። ጎረቤት ግን እዝኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ ተቀምጦ፣ ተለማምኖ፣ አንዳንዴም ተቆጥቶ ያጎርሰዋል። ሌሊት ብቻውን አያሳድረውም። እንባው እንዳለ ሆኖ ለኀዘኑ ቀን ይቆረጥለታል፤ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ኀዘንተኛው እህል በመቅመሱ ሟቹን ከዳ ብሎ የሚወቅሰው ማንም የለም። ዛሬ ባለሙያዎች በየመጽሐፉ የሚዘረዝሩት ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ከሰው አለመለየትና ቀንን በሥርዐት መክፈል ሁሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ አለ። ልዩነቱ ድንኳኑ ኀዘንተኛውን «ራስህን ጠብቅ» የማይለው መሆኑ ነው፤ እኛ እንጠብቅሃለን ይለዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ መጨባበጥና በለቅሶ ቤት መሰብሰብ ሲከለከል ብዙ ሰው ግራ የተጋባው፣ የጎደለው ነገር ወግ ብቻ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ብቻን ሆኖ ሰላምን ማግኘት ይቻላል የሚሉ ወገኖች የዘርዐ ያዕቆብን ዋሻ ይጠቅሱ ይሆናል። ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይና፣ በመጽሐፉ እንደተነገረው ይህ ሰው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሽቶ ከተከዜ ወዲያ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ የያዘውም መዝሙረ ዳዊቱን ነበር። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ዋሻው ላይ ይቆማል። እኔን የሚማርከኝ ግን ከዋሻው በኋላ ያለው ነው። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ እንፍራዝ መጥቶ በአንድ ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየገለበጠ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ አገባ፣ ወለደ። በየቀኑ ብርዕ ቀርጾ ብራና ላይ ማጎንበስ፣ ለልጅ ፊደል መቁጠር አእምሮን ምን ያህል እንደሚያጸና ፈላስፎች እምብዛም አይጽፉበትም። ምናልባት የምንኖርበት ነገር ስለሆነ ይሆናል።

ወደ ቡናው ልመለስ። የቡናው ፍሬ ራሱ ጭንቀትን ያስወግዳል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ልቡ የሚመታበት ሰው አመሻሹ ላይ ሦስት ሲኒ ከደገመ ሌሊቱን አፍጥጦ ማደሩ ነው። ነገሩ ያለው በማፍላቱ ውስጥ ነው። ቡና ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፤ አንዱንም ማቻኮል አይቻልም። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ከሩጫው ይቀንሳል። ከአቦል እስከ ቶና፣ ከቶና እስከ በረካ ያለው ጊዜ ደግሞ የወሬ ነው። እዚያ ላይ ሰው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጀምሮ፣ ሳያስበው ሌሊት ስለሚያስጨንቀው ነገር ሲናገር ይገኛል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር አኑረው፣ ዕድሜ የጠገቡ እናቶችን አሠልጥነው፣ የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው እንዲቀመጥ አደረጉ። የሾና ሕዝብ ይህን ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። በ2016 የታተመው ጥናት በወንበሩ ከተረዱት ሰዎች ብዙዎቹ መሻላቸውን አሳይቷል። እኛም «ሐሳብ ገባው» እንላለን። ረከቦቱም አለን።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልኩ አላሳልፈው። ቤቱ የፈረሰበትን፣ የኪራይ ገንዘብ ያጣውን ሰው «ረጋ ብለህ ተንፍስ» ማለት ስድብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ቡና ቁርሱ ራሱ የቀረባቸው ቤቶች አሉ፤ ልማድም ከሰል ይፈልጋል። ሰው በጭንቀቱ ልክ የሚቆጣበት እውነተኛ በደል ሲኖር፣ ጸጥታን ብቻ የሚያስተምር ምክር ለበዳዩ ይመቻል። የታመመ ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በከተማችን ለስድብ መዋሉ ስንቱን ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ መገመት አያዳግትም። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት መሠልጠን የጀመሩት እንኳ በ1995 ዓ.ም. ነው። ቡና የሐኪምን ሥራ አይሠራም፤ የሐኪም ያለህ ለሚለው ሰው መንገዱን ማሳየት ግን ከቡናው ጎን የተቀመጠ ጎረቤት ሊያደርገው ይችላል።

ጎረቤት ካለ ነው እንግዲህ። እትዬ ወደ ጀሞ የመጡት ልደታ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ነው። የዕድራቸው አባላት እዚህም እዚያም ተበታተኑ። እንደነገሩኝ በመጀመሪያው ዓመት በደረጃው ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይገባ ነበር፤ «ሰው በላዬ ላይ ይራመዳል እንጂ ሰው የለኝም ነበር» ብለውኛል። ከሰሉን ከቤት አውጥተው ደረጃው ራስ ላይ ማቀጣጠል የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ጭሱ ያስቆጣቸው ሰዎች ለመናገር በራቸውን ከፈቱ፤ ከተናገሩትም አንዳንዶቹ ተቀመጡ።

ጋሼ ያን ቃል ከተናገሩ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እኔም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ዕጣኑ ይጨሳል። ከጎናቸው ያራስነት ወጓን ያልጨረሰች አንዲት ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ባሏ ለሥራ እንደወጣ ከተማው ተዘግቶበት አልተመለሰም። ጥያቄዬን በቀጥታ ለማቅረብ አፍሬ ዙሪያውን ስዞር እትዬ ገባቸው።

«አንተ ልጅ፣ ጋሼ ያሉትን ሰምተህ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ እትዬ። እንዴት አስቻለዎት ብዬ ነው።»

«ምን ያስችለኛል! የእኔማ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ይቺ ልጅ ብቻዋን ስትውል ወተቷ ይነጥፋል፤ ቡና ስትሸት ደግሞ ትወጣለች።» ጀበናውን አነሡ። «እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ወንድማቸው እኮ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስልኬን ሳሎን ትቼ መተኛት ጀመርኩ። ጠዋት ከጀሞ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል እራመዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ተውኔቱ ተጠናቀቀ፣ ጥሩ ግን አልሆነም። ጋሼ ቡናውን አልጠጡም፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው መቀመጥ ጀመሩ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። በታኅሣሥ ወር የመቐለ የስልክ መስመር ሲከፈት የእትዬ ልጅ ደወለች። ጩኸታቸውን ሰምተን ሁላችንም ደረጃው ላይ ወጣን፤ ጋሼም ከላይ ወረዱ። የዚያን ዕለት ዐሥር ሰዓት ሆኖ አለፈ፤ ዘነዘናው አልተሰማም። ምን ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እጄ ተንቀጠቀጠብኝ» አሉኝ። ቡናውን የወቀጠችው አራሷ ነበረች።