ብርቱና ታማኝ



ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን ቀርተን፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዝተን፣ አንዲት ነገር እናስተንትን።

ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን ሲደርሱ የሁለት እህትማማቾችን መንጋ አጠጡላቸው። አንደኛዋ አባቷን «ቅጠራቸው» ስትል ምክንያቷ ሁለት ነበር፦ ብርታታቸውና ታማኝነታቸው (አል-ቀሰስ 26)። ዝምድና አልጠቀሰችም፤ ብሔርም አልቆጠረችም።

የመንግሥት ግንባታ ጨረታም ሚዛኑ ይኸው ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፤ የታሸገው ሰነድ ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል። ቴክኒካሉ «ይችላል ወይ?» ይላል፤ ፋይናንሻሉ «በስንት?» ይላል። አማና ግን በፖስታ አይታሸግም። ያለው በተጫራቹና በኮሚቴው ልብ ውስጥ ነው።

ሚዛኑ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ አንሂድ። እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ፣ ሕዝብ ከደመወዙ ቦንድ በገዛበት የሕዳሴ ግድብ፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ያለ ጨረታ ለሜቴክ ተሰጠ። ድርጅቱ ያን የሚያህል ግድብ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ሥራው ዘገየ፤ በነሐሴ 2010 ውሉ ተነጠቀ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ አልሐምዱሊላህ። የባከነው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ «ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ» ሲል ሚንበር ላይ ወጥተው ገሠጹ፦ እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን?

አንተ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና የተመረቅከው፣ አንቺ ነገ የጨረታ ኮሚቴ አባል የምትሆኚው፣ «ለሻይ» ሲሏችሁ ይህን ጥያቄ አስታውሱ። ኮንትራክተሩ የሰጠውን ጉቦ ከኪሱ አይከፍለውም። ከሲሚንቶው ይቀንሰዋል፤ ከፌሮው ያሳንሰዋል። ሒሳቡን የሚከፍለው ግድግዳው በተሰነጠቀ ክፍል የሚማረው ልጅ ነው። ያ ልጅ የቂያማ ቀን ሐቁን ይጠይቃል፤ ፊርማህ እዚያ ይጠብቅሃል።

ተጫራች የሆንክ ወንድሜም፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የረገሙት ጉቦ ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። በሐቅ ተወዳድረህ ብትሸነፍ ሪዝቅህ አላመለጠህም። በሐራም ብታሸንፍ ግን በረካው አምልጦሃል።

አላህ ብርታትንም አማናንም ይስጠን። አሚን።

ለጓደኞቻችሁ አድርሱት፤ ኸይርን ያመላከተ እንደሠሪው ነው።